እትፍ ያልተባለለት ሩጫ

የበደለኝ የታናሽ እህቴ ባል ነው። የበደለኝም በፈረንጆቹ 2013፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መሮጫ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስሙን አልጽፍም። ብጽፈው ደስ ይለዋል።

ሰውየው ወታደር ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ። በቀረው ቀን ኤርፖርት አጠገብ መኪና ያከራያል። ተጠባባቂው ጦር፣ ሪዘርቭ የሚሉት፣ የገባው አርባን ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ በጦርነት ተወጥራ ሰው ስላጠራት የምልመላውን ዕድሜ ከፍ አድርጋ ነበር። እሱ ሲያወራው ግን ጄኔራሎቹ ቤቱ ድረስ ሽማግሌ የላኩበት ነው የሚመስለው። ሳሎኑ ውስጥ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶ ከሠርጉ ፎቶ ይበልጣል። በሠርጉ ፎቶ ላይ እህቴ አለች፤ ምናልባት ያሳነሰው ያ ይሆናል።

ሲገባ ቦነስ ቃል ተገብቶለት ነበር። ቦነሱ እንደነገረኝ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በየዓመቱ እየተቆረሰ ነው። የየዓመቱ ቁራሽ የሚለቀቀውም የአካል ብቃት ፈተናውን ሲያልፍ ነው። ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕ፣ ከዚያ ሁለት ማይል ሩጫ። ይህን መጀመሪያ ሲነግረኝ የሰማሁት ስላልመሰለኝ ደግሜ ጠየቅኩት።

«ስለሮጥክ ይከፍሉሃል?»

«ስለሮጥኩ አይደለም እትዬ፤ ብቁ ስለሆንኩ ነው። ሽልማት ይበሉት።»

«ባትሮጥስ?»

«ካልሮጥኩማ ብቁ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ስለሮጥክ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ!» አለና ሳቀ። ያን ጊዜ ገና «እርስዎ» ይለኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ጀምሮ ከባስ ኋላ ስሮጥ ኖሬያለሁ። በበረዶም በዝናብም፣ በአንድ እጄ ቦርሳ በአንድ እጄ የሰው ሱፍ አንጠልጥዬ ሮጫለሁ። ላውንደሪ ቤት ልብስ አጠብብና አሰፋ ነበር፤ ሥራው ከቤቴ ሁለት ባስ ያስይዛል። ብቁ ነሽ ብሎ የሸለመኝ የለም። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ በሩን ይዘጋል። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ የላውንደሪው ባለቤት አንዱን የስፌት ማሽን ቤቴ ወስጄ እንድሠራ ፈቀደልኝ። ይኸው የእኔ ቦነስ ነው።

የእህቴ ባልም ዩኒፎርሙን ወደዚያ ማሽን ያመጣ ነበር።

«እትዬ፣ ወገቡን ትንሽ ይልቀቁልኝ፤ ማጠቢያው አጥብቦታል።»

«ማጠቢያው ምን በልቶ?»

እለቅለታለሁ። በዓመት አንዴ ለፈተናው ይቀጥናል፤ ሽልማቱን ይቀበላል፤ ከዚያ ማጠቢያው እንደገና ማጥበብ ይጀምራል።

ማሽኑ ቤቴ በመግባቱ ሌላም ነገር አብሮ ገባ። እህቴ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። እህቴ የምትሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ ብዙ በማይርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን አምጥታ እኔ ጋ ትተዋት፣ ከሥራ ስትወጣ ትወስዳት ጀመር። እኔ ልጅ የለኝም። ይህን የጻፍኩት እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባ ነው።

አልጋዋን ከማሽኑ አጠገብ አደረግኩት። ልጅቷ የማሽኑን ድምፅ እየሰማች ካልሆነ አትተኛም። ሳቆም ትነቃለች። ስለዚህ የሚሰፋ ባለቀ ቀን እንኳ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እየሄድኩ እየተመለስኩ እሰፋ ነበር። ማንም ያላዘዘኝን ስንት ትራስ ልብስ ሰፍቻለሁ። ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ ማሽኑን ታያለች፣ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ትስቃለች። ሌላ ምንም የለም፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

የዚያን ዓመት የእኛ ፋሲካ ከፈረንጆቹ በጣም ዘግይቶ ነበር የዋለው። የእህቴ ባል ሁዳዴን በሙሉ ጾመ፤ ይህን አልነሳውም። በሽሮና በጎመን ላይ ሩጫ ሲጨመርበት ሸንቀጥ አለ፣ ጉንጩ ገባ፣ አንገት አወጣ። ሽልማቱን እጁ እንደገባ ቆጥሮም አንድ ትልቅ የቆዳ ሶፋ አዘዘ። ከዚያ ፋሲካ ሆነ። እናቱ አራስ ሊጠይቁ ከደሴ መጥተው በዚያው ቀርተው ነበርና ልጃቸው በጾም የጎደለበትን ሁሉ በሳምንት ውስጥ ሊመልሱለት ቆርጠው ተነሡ። ዶሮ፣ ዱለት፣ ቁርጥ፣ እንደገና ዶሮ። የፈተናው ቀን ጠዋት ቤታቸው ስደርስ ሰውየው የስፖርት ቁምጣውን ለብሶ ክትፎ ፊት ተቀምጧል።

«ልትሮጥ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

እናቱ ቀደሙት። «ባዶ ሆዱን ይሩጥልሽ? ሰውዬው ጉልበት ከየት ያምጣ?»

እኔ ምን አገባኝ።

የዚያን ቀን የጦር ክፍሉ የቤተሰብ ቀን አዘጋጅቶ ነበር። ጠዋት ፈተናው፣ ከዚያ በርገር። ድንኳን ተተክሏል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ከወታደሮቹ መካከል ሁለት ሦስት ሐበሾችም ነበሩና ሚስቶቻቸው እኛው አጠገብ ተቀምጠዋል። እህቴ ልጅቷን ታቅፋለች፤ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ታጣፊ ወንበር ላይ ተሰይመዋል። ፑሽ አፑንም ሲት አፑንም እንደምንም ተወጣው። ከዚያ ሩጫው ተጀመረ፤ የሜዳው ስምንት ዙር።

ሰው ስምንት ዙር የሚሮጥ ከሆነ መጀመሪያ ይቆጥባል። የእህቴ ባል የመጀመሪያውን ዙር የሮጠው ካሜራ እንደሚከተለው ነው። ጉልበቱን ደረቱ ድረስ እያነሳ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ጥሎ፣ እኛ ጋ ሲደርስ እጁን አውለበለበ። ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«ኧረ እግር!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ኧረ እግር እቴ! ይሄ ሰው ነው ወይስ ፈረስ?»

እህቴ ሳቋን አፈነች። ሐበሾቹ ሴቶችም ሳቁ። እናቱ ግን ወንበራቸው ላይ ዞሩብኝ።

«እትፍ በይ!»

«ምን?»

«ከዓይን ያውጣህ በይ እንጂ! እትፍ በይ!»

«እማማ፣ ምን ተገኝቶ ነው እትፍ የምለው?» አልኩ።

እንግዲህ ወንጀሌ ይህ ነው። የኛ ሰው ቆንጆ ልጅ ሲያይ፣ ጎበዝ ሲያይ፣ ያመሰግንና እትፍ እትፍ ይላል፤ ምስጋናው እንዳይጎዳ። እኔ ግን እያሾፍኩ ነበር። ለሹፈት እትፍ እንደሚያስፈልገው ማን ነግሮኝ?

በሦስተኛው ዙር እጁ ወደ ጎኑ ሄደ። በአራተኛው ልጆቹ አለፉት፣ ቀጥሎ አንዲት ወፍራም ሴት ወታደር አለፈችው። በአምስተኛው ቆመ፤ ወደ ሣሩ ጎንበስ አለና የእናቱን ክትፎ እንዳለ መለሰው። ፈተናው በዚያው አለቀ።

ውሃ ሰጥተውት፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ወደ ድንኳኑ መጣ። እህቴ «አይዞህ» ለማለት ተነሣች። እሱ እሷን አልፎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ዓይኗ ነው!» አለ። «ያኔ ስትጮህ እዚህ ጋ ነው የተሰማኝ፣ ጎኔ ላይ። ዓይኗ ነው የወጋኝ!»

የመጀመሪያውን ቃል ሰምቼ የቀረውን አልሰማሁም። «ዓይናቸው» አይደለም ያለው። ዓይኗ። እትዬና እርስዎ የነበርኩት ሴትዮ በአንድ ጠዋት ወርጄ «እሷ» ሆንኩ።

ሆዱ ውስጥ ስለነበረው ሥጋ ማንም አላነሣም። ሥጋው ሣሩ ላይ ሁሉም እያየው ነበር፤ ግን ለምስክርነት አልተጠራም።

ዜናው ከእኔ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት የማውቃት ሴት፣ ቀሚሷን እኔ የሰፋሁላት፣ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳብ አድርጋ «እንዴት አደሩ» አለችኝ። ያቺን ክፉ ቃል በፊቴ ያላት ማንም የለም። የኛ ሰው ጨዋ ነው። ቃሉን አይልም፤ ልጁን ብቻ ይሸፍናል።

ሰኞ ጠዋት አልጋውን አነጣጥፌ ጠበቅኩ። እህቴ ደወለች።

«እታለም፣ ዛሬ እናቱ ይያዟት ብለን ነው።»

«ዛሬ ብቻ?»

«ለጊዜው።»

ማሽኑን አስነሥቼ የሰው ሱሪ ማሳጠር ጀመርኩ። ባቆምም የምትነቃ አልነበረችም።

ሁለት ሳምንት ጠብቄ በአንድ እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። በሩን ስገባ እናቱ ልጅቷን ታቅፈው ነበር። ፊቷን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት፤ ቀስ ብለው፣ ከዝንብ የሚከልሉ መስለው። ግንባሯ ላይ ኩል ተቀብቷል፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ክር ታስሯል። እህቴን ማጀት ድረስ ተከትያት ገባሁ።

«አንቺ ታምኛለሽ?» አልኳት።

«እኔ አላምንም።»

«እና?»

«እኔ አላምንም እታለም። ግን...»

«ግን ምን?»

«ግን ልጅ ናት።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

ልወጣ ስል እንዲህ አለችኝ፤ «ድጋሚ ፈተና አለው። ካለፈ ይረሳዋል። እሱ ብሩ ስለቀረበት ነው የተናደደው። ብሩ ሲመጣ ሁሉም ይረሳል፣ ልጅቷንም አመጣልሻለሁ።»

ባሱ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩበት። እኔ በሌለሁበት ካለፈ «አያችሁ፣ ሳትኖር አለፈ» ይላል። ስለዚህ እኔው ፊት መሮጥ፣ እኔው ፊት ማለፍ አለበት። በምድር ላይ የዚያን ሰው መውደቅ ለማየት ከእኔ በላይ የሚጓጓ አልነበረም። በምድር ላይ ግን ማለፉ ከእኔ በላይ የሚያስፈልገውም አልነበረም። እግሩን እንዲያበረታለት እመቤታችንን ለመንኩ። በምን ፊቴ እንደለመንኩ እሷው ታውቃለች።

እመጣለሁ ብዬ ላክሁ። እሱ «አትምጣብኝ» አለ። እህቴ ለመነች፣ አኮረፈች። በመጨረሻ ነገሩን የቆረጡት እናቱ ናቸው፤ «ትምጣ፤ በፊቷ ባለፈ ቁጥር ግን እትፍ ትበል» አሉ። ተስማማሁ። በዚህ ዕድሜዬ የመትፋት ግዴታ ፈርሜ ገባሁ።

ድጋሚ ፈተናው የዋለው የሐዋርያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ክትፎ የለም፣ ዱለት የለም። ሰውየው የሮጠው ትንሽ ዳቦና ሻይ ቀምሶ ነው። ይህን ያስተዋለ እኔ ብቻ ነኝ፤ የእኔን ማስተዋል ደግሞ በዚያ ሰሞን የሚፈልገው አልነበረም።

በዚያን ቀን ድንኳን የለም፣ በርገርም የለም። ሜዳው ላይ ባለፈው ፈተና የወደቁ ጥቂት ወታደሮችና ሰዓት የያዘች አንዲት ረጅም ሳጅን ብቻ ነበሩ። እኔና እናቱ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ቆምን። እህቴ ልጅቷን ይዛ ከኋላችን ናት።

መጀመሪያው ዙር ላይ እኛ ጋ ሲደርስ ፊቱን አዞረብኝ። እኔ ግዴታዬን ተወጣሁ።

«እትፍ! እትፍ! ጎበዝ! ከዓይን ያውጣህ!»

«ምራቅ የለውም» አሉ እናቱ።

«እንዴት?»

«በአፍ ብቻ ነው ያልሽው። ምራቅ ይኑረው።»

ሁለተኛው ዙር ላይ ምራቅ ጨመርኩበት። እኔ የማስበው ስለ እሱ ነው፤ ከኋላው ግን ሁለት ፈረንጅ ልጆች ይከተሉት ነበር። አንዱ እየሮጠ ዞሮ አየኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ እናቱም አገዙኝ፤ ሁለት ሴቶች አጥር ይዘን በሚሮጥ ወታደር ሁሉ ላይ መትፋት ሆነ። ሳጅኗ ሰዓቷን ለሌላ ሰው ሰጥታ መጣች።

«ማም፣ ወታደሮቼ ላይ ነው የሚተፉት?»

«ኖ፣ ኖ» አልኩ። «ጉድ ስፒት ነው።» ደግ ምራቅ ማለቴ ነበር።

«ምን?»

«ለእሱ ጤና ነው። ለዓይኔ።»

«ዓይንዎን ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም! ችግሩ ይኸው ነው እኮ!» ይህን ያልኩት በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ጥሎኝ ሄዶ ነበር።

እህቴ ሮጣ መጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ባህላችን ነው» አለቻት፤ «ክፉ እንዳይነካው ነው።»

ሳጅኗ እህቴን አየች፣ እኔን አየች፣ እናቱን አየች። እናቱ ያጠራቀሙትን ምራቅ ዋጡና ወደ ሰማይ ቀና አሉ፤ ሲያዩዋቸው ጸሎት ላይ ያሉ ነው የሚመስለው።

«በእኔ ባህል ደግሞ» አለች ሳጅኗ፣ «መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠበቃል።» እጇን ወደ መኪና ማቆሚያው ዘረጋች። ለእናቱ አይደለም፤ ለእኔ።

የእህቴ መኪና ውስጥ፣ ከኋላ፣ ከልጅቷ ባዶ ወንበር ጎን ተቀመጥኩ። ለሜዳው ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ልዙር ብል እንኳ ዛፍ ይከልለኛል። ቆይቶ ጭብጨባ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የእናቱን እልልታ። አለፈ።

ደስ አለኝ። እውነት ነው የምናገረው፤ አንድ ጊዜ በደንብ ደስ አለኝ። አልጋውን ስለማንጠፍ አሰብኩ።

ከዚያ መጡ። የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ቦርሳውን ሲወረውር ከእህቴ ጋር ያወራል። መስኮቱ ክፍት መሆኑን አላየም፤ ወይም አይቷል።

«ያቺ ሳጅን መልአክ ናት» አለ። «አውጥታ ባትጥልልኝ ኖሮ ዛሬም ወድቄ ነበር። ሄደች፣ ወዲያው እግሬ ቀለለኝ። ወዲያው!»

እህቴ «ተው እንጂ» እንኳ አላለችም። እትፍ ሳልል ተመልክቼ፣ ተመልክቼ ተፍቼ፣ ተባርሬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ፣ ፍርዱ ያው ነው። የዚህን ሰው ብልሃት ጦርነቱ ላይ ቢያውሉት ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

ሰኞ ልጅቷ አልመጣችም። ጾሙ ተፈታ፣ ሽልማቱም ገባለት፤ እሁድ ድግስ ተባለ። የተጠራሁት ሰው ምን ይላል ተብሎ ነው፤ የሄድኩትም ለዚያው ነው።

ሳሎኑ ሞልቷል። ሐበሾቹ ወታደሮች ከነሚስቶቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከውድብሪጅ የመጡ ዘመዶቹ። ስገባ ወሬው ቆመ። የእህቴ ባል አዲሱ ሶፋ ላይ በቁምጣ ተንጋሎ ነበር። ግድግዳውን አዲስ ቴሌቪዥን ሸፍኖታል። እናቱ ጥግ ላይ ልጅቷን ታቅፈዋል፤ ነጠላው ፊቷ ላይ ነው።

አልተቀመጥኩም። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩና በደንብ አየሁት።

«ሲያምር!» አልኩ። «እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ሰው ቤት አይቼ አላውቅም።»

አንዱ ሳል አለው።

«ሶፋውስ! ምን ያለ ቆዳ ነው! ዕድሜ ልክ የሚኖር።»

«እትፍ በይ» አሉ እናቱ ከጥግ።

«አፌ ደርቋል እማማ።» ወደ መስኮቱ ሄድኩ። «መኪናህንም ውጭ አየኋት፤ ማብረቅረቋ ዓይኔን ወጋኝ።»

«እትዬ...» አለ። እትዬ ሆኜ ተመለስኩ።

«እግርህስ!» አልኩት። «የዚህን ሰው እግር እዩልኝ! መንግሥት ቢሸልመው ይፈረድበታል?»

እግሩን አጥፎ ሶፋው ሥር ደበቀው። ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶ ከላዩ ያየናል።

በዚህ መሐል ልጅቷ ድምፄን ሰምታ ነጠላውን በእጇ ሳበችው። አየችኝ። ከዚያ የምትፈልገውን ዓይኗ ዞሮ ፈለገ፤ ማሽኑን ነበር። አጣችው። እንዲያም ሆኖ ሳቀችና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

አጠገቧ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። አልነካኋትም።

«አንቺ ደግሞ» አልኳት፣ «ምን ያለሽ አስቀያሚ ነሽ። እትፍ። እትፍ። እትፍ።»

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ባሱ ፌርማታው ላይ ቆሞ ነበር። አልሮጥኩም፤ ሄደ፤ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ሰኞ አልጋውን ፈታትቼ ቤቱ ሥር ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑን የላውንደሪው ባለቤት መጥቶ ወሰደልኝ፤ እኔም ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያው እየሄድኩ መስፋት ቀጠልኩ።